ስለዚያ የመረዋው ሽሮፕ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ እማዬ? ራስ ምታቱ ተወሽ ወይ? እግርሽስ ማበጡን አቆመ? ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ አያጥርሽም? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። እንቅልፍ ግን አጥቻለሁ፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ያንቺን መርዶ የሚያረዱኝ ይመስለኛል።

ታላቅ ወንድሜ የነገረኝ እውነት ነው? የደም ግፊት ኪኒንሽን ትተሽ፣ ያ የምትወጂው ዘፋኝ፣ መረዋሽ፣ በቴሌቪዥን የሚያስተዋውቀውን ሽሮፕ ይዘሻል አሉ። ሐኪሟ ብትቆጣሽም፣ እሱ አይዋሸኝም ብለሽ አፏን አስያዝሻት አሉ። ወንድሜማ፣ እኔን ወለደችኝ እንጂ ልጇስ መረዋው ነው እያለ ይቀልዳል። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

አልፈርድብሽም። አባዬ ያረፈ ጊዜ፣ እኛ ወደየሥራችን ስንበተን ያንን ባዶ ቤት የሞላልሽ የሱ ድምፅ ነው። ፎቶው ከኛ ፎቶ ጎን የተሰቀለው በከንቱ አይደለም። ሻጮቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ እማዬ። ያንኑ ሽሮፕ የማታውቂው ሰው ቢያስተዋውቀው ኖሮ ዞር ብለሽም አታዪውም ነበር።

አሁን የምጽፍልሽን ለማንም እንዳታወሪብኝ፤ ከተሰማ ከሥራ እባረራለሁ። ሁለተኛውን ማስታወቂያ ባለፈው ሳምንት የቀረጹት እኔ ልብስ በምተኩስበት ስቱዲዮ ነው። የመረዋሽን ሸሚዝ የተኮስኩት እኔ ነኝ። ሽሮፑን በማንኪያ ጎረሰና ፈገግ አለ። ካሜራው ሲቆም ግን ወደኔ ክፍል ሮጦ መጥቶ መታጠቢያው ላይ ተፋው። ከዚያ ከኪሱ ኪኒን አውጥቶ በውሃ ዋጠ። ማሸጊያውን ሳየው ክው አልኩ፤ ያንቺው ኪኒን ነው! ማየቴን ሲያይ ደንገጥ አለና፣ ግፊት እንዳለበት፣ ሐኪሙም አንድ ቀን እንዳይዘል እንዳስጠነቀቀው ነገረኝ። እናቴ በርስዎ አምና ሽሮፑን እየጠጣች ነው አልኩት። አንገቱን ደፋ፤ ሰላም በይልኝ ብሎኝ ወጣ።

እሱን መውደድ ተዪ አልልሽም፣ ብልሽም አትሰሚኝም። ግን ፈርቻለሁ እማዬ፣ በጣም ፈርቻለሁ። እባክሽ ለቀብር አታስመጪኝ። ያለውን ተዪና ያደረገውን አድርጊ።

ወንድሜን ከነባለቤቱ ሰላም በይልኝ። ያቺን ወሬኛ ልጃቸውን ጉንጯን ሳሚልኝ። አክስቴንም፣ ጉልበቷ እንዴት ሆነ በያት። መረዋውም ሰላም ብሎሻል፤ ሰላምታውን የምትቀበዪው ግን ኪኒንሽን ከዋጥሽ በኋላ ነው።

የምትሳሳልሽ ትንሿ ልጅሽ
ከስቱዲዮው ልብስ መተኮሻ ክፍል
ጥር 12 ቀን