እኛ ሳንሰናበታቸው የተሰናበቱን እናታችን

እናታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥቅምት 8 ቀን 1933 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። አባታቸው «የዚች ልጅ ምላስ አያርፍም» እያሉ ቢያማርሩም ከትምህርት አላስቀሯቸውም። በ1952 ዓ.ም. ከነርሶች ትምህርት ቤት ተመርቀው በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ሠላሳ ስድስት ዓመት አገልግለዋል።

በዚያ ክፍል የሚጠሯቸው «እትዬ ሐቅ» እያሉ ነበር። ለታማሚ አይዋሹም። ቤተ ዘመድ ኮሪደር ላይ ተሰብስቦ «አይነገረው» ሲል ከሰሙ፣ «ወደ አምላኩ የሚሄድ ሰው ዕቃውን መሸከፊያ ጊዜ አይነፈግም!» ብለው ይቆጣሉ። ሐኪሞቹ እንኳ ይፈሯቸው ነበር፤ የእኛማ አይነሳ።

በ1957 ዓ.ም. የአውቶቡስ ሾፌር የነበሩትን አባታችንን አገቡ። አባታችን ዝምተኛ በመሆናቸው ትዳሩ ሰመረ፤ ሁለቱም ቢናገሩ ኖሮ ጎረቤት አይተኛም ነበር። አራት ልጆች አፍርተው፣ አባታችን በ2001 ዓ.ም. እስኪለዩን ድረስ አብረው ኖረዋል። ይህን የጻፍኩት የመጨረሻ ልጃቸው ነኝ።

ባለፈው ሰኔ ሐኪሙ የእናታችን ሕመም የጉበት ካንሰር መሆኑን ለእኛ ነገረን። የእትዬ ሐቅ ልጆች ምን አደረግን? ኮሪደር ላይ ተሰብስበን «አይነገራት» አልን። ገብተን «ጨጓራ ነው ተባለ» አልናቸው። እሳቸውም «ጨጓራ ክፉ ነው» ብለው ትራሳቸውን አስተካከሉ። አራት ወር ሙሉ ሚስጥር በመጠበቃችን ስንኩራራ ከረምን።

በመጨረሻው ሳምንት አንድ በአንድ እየጠሩ የአራታችንንም የደም ግፊት ለኩ። መሣሪያውን ከፈቱ በኋላም ክንዳችንን ይዘው ቆዩ። የነርስ ዐመል አይለቅም ተባብለን ሳቅን።

ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ በሰማንያ አምስት ዓመታቸው፣ አልጋቸው ላይ እንደተኙ በጸጥታ ዐረፉ። ደነገጥን። ዕድሜያቸውንም ሕመማቸውንም እያወቅን ደነገጥን።

ትናንት የነፍስ አባታቸው የነገሩን ደግሞ ጭራሽ ክው አደረገን፤ እስካሁን አልተዋጠልንም። እናታችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር። ቆርበው፣ የአረጋዊው ስምዖንን «አሁን ባሪያህን በሰላም ታሰናብተዋለህ» የሚለውን ጸሎት በየዕለቱ እያደረሱ ቀናቸውን ይጠብቁ ነበር። ለነፍስ አባታቸውም «ልጆቼ አልቻሉትም፤ እንዳላወቀ ልሁንላቸው። ካለፍኩ በኋላ ይንገሩልኝ» ብለው አደራ ሰጥተዋቸዋል። በሕይወታቸው ያስመሰሉት ይህን አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ለእኛ ሲሉ።

በሰላም የሚሞት ሰው ምንም ሳያውቅ የሚሄድ ይመስለን ነበር። እሳቸው ሁሉን አውቀው፣ አምላካቸውን አምነው በሰላም ሄዱ። ሳንዘጋጅ የተያዝነው እኛ ነን።

አራት ልጆች፣ ዘጠኝ የልጅ ልጆችና አንዲት ታናሽ እህት ትተው አልፈዋል። የተማመኑበት ጌታ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበልልን።

አሁን አንቱታውን ልተወው። እማዬ፣ ጨጓራ አልነበረም። ይቅር በይን። ደህና ሁኚ።