የፌንጣ ካምቢዮ

ይድረስ ለኑርዬ፣ ለልጆቼ አባት፣

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ያብራልህ። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላህ ትንሽ ቀረህ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ወሬ አጥቼ አይደለም፤ ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ ነው። አልበረደም። እንግዲህ ከነትኩሳቱ ስማው።

ቤቱ ደህና ነው። ትልቋ ልጅህ አራዳ ካለው ሱቅ ከወንድሜ ጋር ትውላለች፤ ትንሹ በቁመት አንተን ሊያልፍህ ነው። ማኪናህ ፌንጣም አለች። አለች የምልህ በከንቱ አይደለም፤ ልትወሰድብን ነበር። ማን ሊወስዳት እንደነበር ብነግርህ ከተኛህበት ትነሳለህ። ከድር! አብሮህ ጋራዥ የከፈተው፣ ከአንድ ትሪ ስትበሉ የኖራችሁት ሸሪክህ ከድር።

ያቺን ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት የማትርቅ አሮጌ ቀይ የስፖርት ማኪና ስትገዛ ከተማው ሁሉ ሳቀብህ። ልጆቹ ፌንጣ አሏት። የአዘዞን ሜዳ ስትይዝ ሞተሯ እሪ ይል ነበር፤ አምስት ማርሽ አይበቃትም፣ አንድ ጎደላት አልክ። ከሌላ የተጋጨ ማኪና የወጣ ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ ከአዲስ አበባ በጭነት አስመጣህ። ከድር ያን ጊዜ ያለውን እኔ አልረሳሁም። ይሄ የእብድ ሥራ ነው፣ አህያ ሆድ ውስጥ የበቅሎ አንጀት ልትከት ነው ወይ ብሎ ጥሎህ ፒያሳ ሻዩን ሊጠጣ ሄደ።

ክረምቱን ሙሉ ከሥሯ ተኝተህ ከረምክ። መብራት የያዝኩልህ እኔ፤ መፍቻ ያቀበልኩህ እኔ። ካምቢዮው አልገባም ቢልህ የወለሏን ብረት ቆርጠህ እንደገና በየድከው። ጉልበቱን ለኋላ ጎማ የሚያደርሰው ካርዳን ቢረዝምብህ አሳጠርከው። ሲያስቸግርህ ብረቱን እንደ ሰው ትሰድበው ነበር፤ ሲሳካልህ ደግሞ በዚያው በግራሶ እጅህ ጉንጬን ትይዘኛለህ። ስንቱን ሻሼን አበላሸህብኝ!

ከቀበርንህ በኋላ ዒዳ ገባሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ወራቷን እስክትጨርስ ከቤቷ እንደማትወጣ ከድር ያውቃል፤ ያችን ነው የጠበቀው። እኔ ቤት ተቀምጬ አንተን ሳለቅስ፣ እሱ ከመስጊድ ደጅ እስከ ሻይ ቤት እየዞረ የፌንጣን ካምቢዮ የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ኑርዬማ መፍቻ ያቀብለኝ ነበር እንጂ ምን ያውቃል እያለ አወራ። መፍቻ ያቀብለኝ ነበር! ይህን የሰማሁ ለት የገባብኝን እሳት አንድ አላህ ያውቃል። ማኪናዋስ ትሂድ፣ ቆርቆሮ ናት። እሱ የሰረቀው ስምህን ነው። ልጆችህ በሄዱበት ሁሉ ያ የአባታችሁ ሥራ አይደለም ሊባሉ ነው።

ዒዳዬን ስጨርስ፣ ማኪናዋ የጋራዡ ናትና ትሰጠኝ ብሎ ራሱ ሽማግሌ ላከብኝ። ሸጋ፣ ይምጡ፣ እሱም ይምጣ፣ እዚሁ ግቢዬ እንጨርሰው አልኩ። ሐጂ እድሪስ መጡ፣ ጎረቤቱ መጣ፣ ያን ወሬ ሲያዳምጥ የከረመ መካኒክ ሁሉ መጣ። ፌንጣ አንተ እንዳቆምካት፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ አፍንጫዋ ግንቡን ሊነካ ክንድ ቀርቶት ቆማለች። አልነሳ አለችኝ የሚል ሰበብ እንዳያገኝ ባትሪዋን አስቀድሜ አስሞልቼ ነበር። የማኪናዋን ቁልፍ በሁለት እጄ አቀረብኩለት። የሠራት እሱ ከሆነ ወደ ኋላ ያውጣትና ይዟት ይሂድ፣ መርቄ እሰጠዋለሁ አልኩ።

ሳቀ፣ ኑርዬ! እየሳቀ ገባ። አስነሳት። በድሮው ካምቢዮ የኋላ ማርሽ በነበረበት በኩል ከተተና ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። እዚያ ያለው አሁን ስድስተኛው አይደል? ተንፈራግጣ ጠፋች። ደገመ፤ ጠፋች። ማርሹን ያማስል ጀመር፤ አንተ ከወይራ የጠረብከው የማርሽ ራስ ደግሞ ቁጥር የለበት። በመጨረሻ ወደ ግራ ወደ ፊት ገፍቶ ነዳጅ ሰጣት። አንደኛ ገባለትና ሄዳ ግንቡን ገጨች። ቋ! ላቡ ሲንቆረቆር አየሁ፤ ወላሂ እንደዚያ ቀን አንጀቴ ርሶ አያውቅም።

ውረድ አልኩት። ሻሼን አጥብቄ ገባሁ። ከማርሹ ራስ ሥር ያለችውን ቀለበት፣ መንዳት ስታስተምረኝ እንዳሳየኸኝ፣ በሁለት ጣቴ ወደ ላይ ሳብኳት፤ ያለ እሷ የኋላው ማርሽ እንደማይገባ የሠራኸው አንተና መብራት የያዝኩት እኔ ብቻ ነን የምናውቅ። ወደ ኋላ ተንሸራትቼ በሩን አለፍኩ። ሐጂ እድሪስ፣ ምነው ከድር፣ ሰው በሠራው ቤት በሩ ይጠፋዋል እንዴ ሲሉ ሰማሁ። አልቆምኩም። አዘዞ ሜዳ ድረስ ነድቼ ስድስተኛውን አስገባሁ። የሞተሯ ጩኸት ሲበርድ የኔው ጀመረ፤ አለቀስኩ፣ እሱን ሰደብኩ፣ አንተን ጠራሁ።

አሁን ለዒድ ሰው ልኮ ዐፍው በይኝ ይላል። ሐጂም አላህ ይቅር ባይን ይወዳል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ግን አልችልም። ደጉ አንተ ነበርክ። ግንቡን እንለስንልሽ ሲሉኝም እምቢ አልኩ፤ የፌንጣ ቀይ ቀለም ተፍቆ እንደቀረበት አለ። ከድር ወደ መስጊድ የሚሄደው በደጃችን ነው። የመግሪብ አዛን ሲሰማ የግቢውን በር ወለል አድርጌ እከፍተዋለሁ፤ ግንቡ ከመንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ እስክሞት አልረሳህም። እሱም እንዳይረሳህ አደርጋለሁ።

ያንተው ዘይነብ