የደምሌ ገብስ የሚሉት ያንቺ ገብስ

ይድረስ ለብርቄ፣ ለቤቴ እመቤት፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ተያዘ። ለደብዳቤ ሌላ አጀማመር አላውቅም፤ እንደምን ሰነበትሽ። ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገብቷል። ዛሬ እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ ተመልሼ ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ ዝናቡ ለጊዜው ፋታ ሰጥቶናል። ልጅ ሳለሁ በቤተ ልሔም ደብር ቄስ ትምህርት ቤት የለቀምኳት ፊደል ከዳዊት አልፋ ለደብዳቤ አትበቃም እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። እስቲ ላንቺው ልሞክራት።

ቤታችን ደህና ነው። ጣራውን በአዲስ ሣር ከድኜዋለሁ። ዳለቻዋ ላም ወልዳለች። ልጃችን አበቡም አርብ ገበያ ባሏ ቤት ሴት ልጅ ወልዳለች፤ አፍንጫዋ ያንቺ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ገና አልታየኝም፣ አፍንጫሽን ለማንም ቶሎ መስጠት አልፈለግሁም መሰለኝ። የዘር ጎታሽ ከምሰሶው ሥር እንደነበረች ናት። አበቡ ቦታ ይዛለች ላውጣት ብትለኝ እንቢ አልኩ።

ሌላውን ሳላወራሽ አንዱን ልንገርሽ፤ ከደበቅሁት ደብዳቤው ውሸት ይሆናል። ቅናት ይዞኛል ብርቄ። በሸበትኩበት ዕድሜ፣ በሞተች ሚስቴ፣ ያውም በገብስ የተነሣ።

ያን ጥቁር ገብስ ማለቴ ነው። ከእስቴ ሙሽራ ሆነሽ ስትመጪ በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽው ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ «ምነው ልጄ፣ ጋይንት ገብስ የሌለ መሰለሽ?» ብትልሽ፣ «አለ እማማ፣ ግን ይዘገያል» አልሻት። እናቴ ያን ጊዜ ቅር አላት። ነሐሴ ሲያልቅ፣ የሰው ሁሉ ጎተራ ባዶ ሆኖ የሌላው ገብስ ገና በቅጠል ሳለ፣ የእኛ ጓሮ እሸት ይዞ ስታይ ግን ለጎረቤት የምታወራው እሷ ሆነች። ክረምት በገባ ቁጥር ሰው ሲራብ እኛ ቤት ያልተራብነው በዚያ ቋጠሮ ነው።

እህሉን አመድ አልብሰሽ፣ የጎታዋን ክዳን በጭቃ መርገሽ ታስቀምጪው ነበር። ፈትልሽን እንኳ የምትፈትዪው እሷን ተደግፈሽ ነው። ዛሬ ሳስበው ያን ጊዜም ቀንቼ ኖሯል፤ ከደከምኩት ከእኔ ትከሻ ይልቅ የጎታዋን ጎን ስትዳብሺ አይሽ ነበርና። ለሰው ዘር ስትሰፍሪ ደግሞ፣ እንዳገሩ ልማድ፣ ከቁናው አናት አንድ ጭብጥ ዘግነሽ ወደ ጎታው ትመልሺ ነበር፤ በረከቱ ከቤት ወጥቶ እንዳይቀር። ሁሉም ሴት ያደርገዋል። አንቺ ግን ጭብጡን ከመመለስሽ በፊት አፍሽን አስጠግተሽ አንድ ነገር ትያለሽ። ምን እንደምትዪ ጠይቄሽ አላውቅም።

የክፉው ዓመት ጊዜ ትዝ ይልሻል። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ሳይጠግብ ወጣ፤ ከስማዳ ቆላ ሰው ልጁን ተሸክሞ ወደ እኛ ይወጣ ጀመር። ጭቃ ሹሙ «ይህ በሽታ እንጂ ረሃብ አይደለም» እያለ ግብር ይጠይቅ ነበር። በኋላ ከባሕር ማዶ የተላከ ስንዴ ደብረ ታቦር በመኪና ደረሰ፣ ከዚያም በአህያ ንፋስ መውጫ መጣ ተባለና ሄጄ ድርሻችንን አመጣሁ። ጆንያው ላይ በባዕድ ፊደል ተጽፎበታል። ሰዎቹ «አንብብልን እንጂ፣ አንተ ቄስ ትምህርት ቤት የከረምህ!» ብለው ከበቡኝ። እኔም ጎንበስ ቀና ብዬ አየሁና «ብሉ ይላል» አልኳቸው። በዚያ ዓመት ያሳቅሁሽ ያን ቀን ብቻ ነው።

ስንዴው ሳይደርስ በፊት አንዲት እፍኝ ቆሎ ከጥቁሩ ገብስ ቁይልኝ ብዬ ስለምንሽ ሄደሽ ጎታዋ ክዳን ላይ ተቀመጥሽባት። «ተነሺ» አልኩሽ። «ብነሣ ትበላዋለህ» አልሽኝ። እውነትሽን ነው፣ እበላው ነበር። ለእኔ አንዲት እፍኝ የነፈግሽውን ገብስ ግን ግንቦት ሲገባ እኩሌታውን ለደምሌ ሰፈርሽለት። ለደምሌ! ከስማዳ ልጆቹን አስከትሎ መጥቶ የደብሩን መሬት በእኩል ለሚያርስ፣ ሳቁ ከሸንተረሩ ማዶ ለሚሰማ ሰው። ቁናውን ከምረሽ ስትሰፍሪለት በር ላይ ቆሜ አየሁሽ። ሰፍረሽ ሳትጨርሺ ወደ በሬዎቼ ሄድኩ።

ሰኔ ላይ የቀረችውን ዘር በጓሯችን ዘራን። አፈር አልብሰን ሳንውል ሳናድር ያ ከረሃብተኛው ጋር የመጣው ትኩሳት ያዘሽ፤ ወሰደሽም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን አንቺ አታውቂም። ነሐሴ ላይ በረዶ ወርዶ ጓሮሽን እንደ ምንጣፍ አነጠፈው። ከሸንተረሩ ማዶ ያለውን የደምሌን ማሳ ግን ንክች አላለውም። ፈጣሪዬን ማማረር ፈራሁና ደምሌን አማረርኩ። ያንቺ ዘር ከእኔ እጅ ወጥቶ በሱ እጅ ቀረ። በዓመቱ ሄጄ ዘር ልለምነው አልቻልኩም፤ እግሬ እንቢ አለ። ከባሕር ማዶው ስንዴ ያስቀረሁትን ዘራሁ። ለረሃብ ቀን መልካም እንጀራ ወጥቶት ነበር፤ ለጋይንት ብርድ ግን አልተፈጠረም። ቅጠሉ እስከ ጉልበቴ አደገና ዛላ ሳይዝ ቀረ። በሬዎቹ በሉት።

ደምሌ ግን ላገሩ ሁሉ አዳረሰው። የለመነውን ሁሉ፣ ሳይመርጥ። ዛሬ በደብራችን ነሐሴን ያለ ረሃብ የማይሻገር ቤት ጥቂት ነው። ስሙንም «የደምሌ ገብስ» አሉት። ከእስቴ በነጠላሽ ያመጣሽውን! ጠላ ቤት ገብቼ ዋንጫ ሳነሣ አንዱ «ካሴ፣ እንዴት ነው የደምሌ ገብስ ጠላ?» ይለኛል፤ ሌላው ይቀበልና «ተወው፣ የሚስቱን ገብስ በሰው ቤት ሲጠጣ ጎምዝዞት ነው!» ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔም ልስቅ እሞክራለሁ። ጥርሴ እንጂ ሆዴ አይስቅም።

ባለፈው መስከረም መጀመሪያ አንድ የእርሻ ሠራተኛ በበቅሎ መጣ፤ አንድ ፈረንጅም አብሮት ነበር። በደምሌ ማሳ ገብተው ዛላውን እየሰበሩ አዩት፣ ቀመሱት፣ በወረቀት ከረጢት ጨመሩት። አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ እንደኛ ደጋ ባለ አገር ይዘራል፣ ብርድና ረሃብ ያለበት ሁሉ ይጠቀምበታል አሉ። የእርሻ ሠራተኛው «ምን ትሉታላችሁ?» ሲል፣ የቆመው ሁሉ ባንድ አፍ «የደምሌ ገብስ!» አለና ከረጢቱ ላይ ጻፈው። ደምሌ ያን ጊዜ ውሃ ሊያመጣላቸው ወደ ቤቱ ሄዶ ነበር። እኔ ዳር ቆሜያለሁ። «የብርቄ ነው» ለማለት አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት። እንግዲህ በማላውቀው አገር፣ የማላውቀው ሰው፣ በተራበ ጊዜ ያንቺን እሸት ያሻል። ይጥገብ፣ እግዜር ይጨምርለት። ግን በሱም ቀናሁ። እኔ ከአንቺ በኋላ ያን እሸት በእጄ አሽቼ አላውቅም።

ይሄ ሁሉ ይታለፍ ነበር። ያላለፈልኝ የመስከረሙ ማርያም ነው። ደምሌ ዝክር አለብኝ ብሎ ጠራኝ፤ አለመሄድ ነውር ነውና ሄድኩ። ንስሐ አባታችን መምሬ ተሰማ ዳቦውን ሊባርኩ ተነሥተው «ለማን ነው የምናስበው?» አሉ። ደምሌ ጠጋ ብሎ በጆሯቸው ነገራቸው። መምሬም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የክርስትና ስምሽን ጠሩ።

የክርስትና ስምሽን፣ ብርቄ! ከወላጆችሽ፣ ከክርስትና እናትሽ፣ ከካህናቱና ከእኔ በቀር ማንም የማያውቀውን። እኔ እንኳ ያወቅሁት በተክሊላችን ቀን ነው። ከመምሬ አፍ ሳይሆን ከደምሌ አፍ ወጥቶ ወደ መምሬ ጆሮ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ። የያዝኩት ቁራሽ ዳቦ በእጄ እንዳለ ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማያስቡትን አሰብኩ። በጸሎት መካከል ሳይቀር። አንዲት ሴት ለባዕድ ወንድ የክርስትና ስሟን የምትነግረው በምን ሰዓት ነው? እያልኩ ዳዊቴን ዘግቼ ቁጭ እላለሁ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይህን የምጽፈው ሁሉንም እንድታውቂ ነው።

ዘንድሮ ግንቦት አበቡ ልጇን ታቅፋ መጣች። «አባዬ፣ የእናቴ ጓሮ ምን ሊዘራበት ነው?» አለችኝ። «ስንዴ» አልኳት። «በሬ ልትቀልብ ነው?» አለችና ሳቀች። ቀጥላ ግን ሳቋን ትታ «እኛ ቤት የእናቴ ገብስ አለ፣ ጎረቤታችን ቤት አለ፣ እናቴ ቤት ብቻ የለም» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። በማግስቱ ስልቻዬን ይዤ ሸንተረሩን ተሻገርኩ።

ደምሌ ሲያየኝ ከሩቁ «አያ ካሴ! መንገድ ጠፋዎት እንዴ?» ብሎ ጮኸ። እኔ ሰላምታ አልመለስኩም። «የሚስቴን የክርስትና ስም ማን ነገረህ?» አልኩት። ሳቁ ቆመ። ኋላ ምን አለኝ መሰለሽ? ዘሩን የሰፈርሽለት ለት «ስመልስልሽ በእጥፍ ነው» ቢልሽ፣ «አትመልስልኝ፤ እሸቱ ሲደርስ በዚህ ስም በጸሎት ጥራኝ» ብለሽ ስምሽን እንደነገርሽው አወራኝ። እሱም ደንግጦ «ምነው፣ አያ ካሴ እያለ?» ብሎሻል። «ካሴ ሳልነግረውም ይጠራኛል። የምለምነው የማላውቀውን ነው» አልሽው አለኝ።

እዚያው ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። ሳልነግረውም ይጠራኛል ያልሽው እኔ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስምሽን የጠራሁት ከሰው ጋር ለመጣላት ነበር።

ደምሌ ቁናውን ከምሮ ሰፈረልኝ። እንደ ልማዱ ከአናቱ አንድ ጭብጥ ዘገነና ወደ ጎታው ሊመልስ እጁን ዘረጋ። መንገድ ላይ ቆመ፤ እጁን አየ፣ እኔን አየኝ። «ይሄስ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው፤ ከዚህ ምኑን እመልሳለሁ?» አለና ጭብጡን ስልቻዬ ውስጥ ጨመረው። ከዚያማ ወደ ጨዋታው ተመለሰ፤ «ስሙን አስለውጣለሁ ብዬ ለዚያ ለእርሻ ሰው ብነግረው 'ተጽፏል' አለኝ አያ ካሴ፣ እኔ ምን ላድርግ? ፈረንጅ አገር እስክሄድ ይጠብቁኝ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሆዴም ትንሽ ሳቀ።

ቤቴ ስደርስ ከስማዳ የመጣች ሴት አጥሩ ሥር ተቀምጣ አገኘሁ። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጆች አሏት፣ መሬቱ አለ ዘር የለም። «ያ ቶሎ የሚደርሰው፣ የደምሌ የሚሉት ገብስ ካለዎት» አለችኝ። በጀርባዬ ያለው ስልቻ ከበደኝ። አሁን ገና እጄ ገባ፣ ጎታዋን እንኳ አልነካም አልኩ በልቤ። ከዚያ ያኔ በር ላይ ቆሜ እንዳየሁሽ ቁናውን ስትከምሪ ታየሽኝ። ገባሁ፣ እኩሌታውን ሰፈርኩላት። ከአናቱ አንድ ጭብጥ ዘግኜ ወደ ጎታሽ መለስኩ። «ስንት ልመልስ?» አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ያ ስም ከአንድ ተጨማሪ ሰው ጋር ሊሆን ነው። እጄን ከሰፈርኩላት ዘር ላይ አላነሣሁም። ሴትዮዋ ዘሩን ልነሣት መስሏት ዓይኗ ፈራ። ያን ጊዜ ስምሽን ነገርኳት። ስትደግመው ተሳሳተች፣ አረምኳት፤ እንደገና ተሳሳተች፣ እንደገና አረምኳት። አጥርታ እስክትለው አላሰናበትኳትም። ስሙን በባዕድ አፍ ስሰማው፣ ብታምኚኝም ባታምኚኝም፣ ከቤት የወጣሽ አልመሰለኝም።

የቀረውን በጓሮሽ ዘርቻለሁ። አሁን ይህን ስጽፍ ከፊቴ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። ደመና በመጣ ቁጥር በረዶ እንዳይሆን እሰጋለሁ፤ ቢሆንም ዘሩ አሁን በብዙ ቤት ነው፣ አይጠፋም። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ይጻፍ። እውነተኛ ስምሽን እኔም እዚህ ወረቀት ላይ አላሰፍረውም፤ የሚጠራ እንጂ የሚጻፍ አይደለም።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም። ደምሌ ዘንድሮም በመስከረሙ ማርያም ይጠራሻል። ያቺ የስማዳ ሴትም እሸቷ ሲደርስ ትጠራሻለች። ያንቺ ገብስ ከሰው ሁሉ ገብስ ቀድሞ ይደርሳል አይደል? እኔም የመጀመሪያውን ዛላ በእጄ አሽቼ፣ ማንም ሳይነቃ፣ ማንም ሳይቀድመኝ በስምሽ እጠራሻለሁ። በዕድሜዬ ሁሉ፣ በየዓመቱ። በዚህ ነገር ለደምሌም ለማንም ተራ አልሰጥም።

ባልሽ ካሴ