ለዐይንህ የሚሆነው ቴሌስኮፕ

ቆቦ፣ ግንቦት 26 ቀን 2007 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ አንዷለም፣

አዲስ አበባ እንዴት ይዛሃለች? እኛ ደህና ነን። የጎረቤታችን የእትዬ ብዙነሽ ነገር ግን አያምርም። እንደ አንተው ስኳሩ ዐይናቸው ላይ ወጥቶ ቀኙ ጠፍቷል፤ ግራውም ጥላ ጥላ ነው የሚያሳያቸው። ልጃቸው ፍሬሕይወት ጅዳ ገብታ ድምጿ ከጠፋ ዓመት አለፈው። ሰው በደጃቸው ባለፈ ቁጥር "ማነሽ? ፍሬ ነሽ?" ይላሉ። አንዳንዴ ዝም ብዬ አልፋለሁ፤ አይደለሁም ማለት ያቅተኛል።

ሁለቱን ቴሌስኮፖችህን እንዳዘዝከኝ አይቻቸዋለሁ። "የጀርመኑን ለትምህርት ቤቱ ስጪ፤ የጃፓኑን ዐይኔ እስካለ የማይበት አስቀሪልኝ። አስቀድመሽ ግን ሁለቱንም እያነጻጸርሽ እዪልኝ" ብለኸኝ አልነበር? ራት ከበላን በኋላ ግቢ አውጥቼ ጎን ለጎን አቆምኳቸው፤ ወደ ሳተርን አዞርኳቸው።

የጃፓኑ ወዲያው ነው የሚጠራው። ኮከቡ የመርፌ ጫፍ ነው፤ የጨረቃዋ ጠርዝ ላይ ያ የምትጠላው ሐምራዊ ቀለም የለም፤ የሳተርን ቀለበት ላይ ያለችው ጥቁር ክር እንኳ ቁልጭ ብላ ትታያለች። የጀርመኑ አፉ ሰፊ፣ ክብደቱም ወገብ የሚቆርጥ ነው። የቤቱ ሙቀት እስኪወጣለት ሳተርን እንደ ፈላ ውሃ ይንተከተክበታል። ከበረደም በኋላ ክሯ እንደዚያኛው አትለይም። ብርሃኑ ግን ይበዛል። በእኔ ዐይን ምርጫህ ልክ ነበር።

በእኔ ዐይን ነዋ! የምታይበት ግን አንተ ነህ። ስለዚህ እትዬ ብዙነሽን እጃቸውን ይዤ አመጣኋቸው። ምን እንደሚያዩ አልነገርኳቸውም።

የጃፓኑ ላይ አጎንብሰው ቆዩና፣ "አንቺ ጥሩዬ፣ በዕውር ትቀልጃለሽ? ጨለማ ነው እኮ!" አሉኝ። ወደ ጀርመኑ ወሰድኳቸው። እዚያም አጎንብሰው ቀሩ። ደከማቸው ብዬ ላነሳቸው ስል እጄን ገፉት።

"ቆይ እስቲ። ይሄ ጆሮ ያወጣው ምንድን ነው?"

በጣም ሩቅ ያለ ዓለም ነው፣ ጆሮ የመሰለዎት ቀለበቱ ነው አልኳቸው።

"ጅዳስ በዚህ ትታያለች?"

"ጅዳማ አትታይም፣ እትዬ።"

"ያን ያህል ርቆ እያየ ጅዳን ካላየ ምን ይሠራል? ውሰጂው ወዲያ!" ብለው ሳቁ። ዐይናቸውን ግን አላነሱም።

አንዷለም፣ የምትወደው የትኛውን እንደሆነ አውቃለሁ። ከጃፓን ድረስ እንደ ሕፃን ታቅፈኸው ነው የመጣኸው። አሁን ግን ለአንተ አይሆንም። ለትምህርት ቤቱ እሱን ሰጠሁት፤ ደህና ዐይን ያላቸው ልጆች ይዩበት። ብትቆጣም ተቆጣ። የጀርመኑ በጋቢ ተጠቅልሎ ክፍልህ ተቀምጧል።

ሐኪሙ ዐይንህ መስከረምን ላያይ ይችላል ያለህን ለማንም አልተነፈስኩም። ዘንድሮ በልጉ ቀርቶብን ሰማዩ እንደ ተከፈተ ነው፤ ለአንተ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል የሰውን ፊት አይቼ አፍራለሁ። ምሕላ ይዘናል። እኔም ከሰው ጋር ዝናብ እለምናለሁ።

ይህን ስጽፍ ማሳችንን የሚያርሰው አብዱሰመድ መጥቶ በር ላይ ቆመ። "እትዬ ጥሩ፣ ዞብል ተራራ ላይ ደመና ቆሟል! አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮ ክረምቱ ቀደም ብሎ ሊገባ ነው!" አለኝ። እኔም "ተመስገን" አልኩት፤ ከልቤ ነው። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ወጥቼ ወደ ዞብል አየሁ፤ ክረምቱ ከገባ ሰማዩ እስከ መስከረም አይከፈትም።

ሳይዘጋብን ቶሎ ድረስ፣ ወንድሜ።

መንገድ መንገድህን የምታየው እህትህ፣
ጥሩወርቅ