የአባጨጓሬው በዓል

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2018

ልጄ ሳራ ካናዳ ውስጥ ከምንኖርበት ከኤድመንተን በመኪና ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ወሰደችኝ። እዚያ በየዓመቱ በዚህ ወቅት ለአባጨጓሬ በዓል ያደርጋሉ። ክር ላይ ሽቅብ ያሽቀዳድሟቸዋል፤ ከዚያ ያሸነፈውን ቀለም አይተው ብርዱ ይከብድ ይቀል እንደሆነ ይተነብያሉ። ይህን የሚለውን የእንግሊዝኛ በራሪ ወረቀት ሳራን ሳልጠይቅ ራሴ አነበብኩት።

የልጅ ልጄ ሊያ አንዱን መዳፏ ላይ አድርጋ መጣች።

"እማማ፣ ያዢው። ይሄኛው አያሳክክም፣ ቼክ አድርጌያለሁ።"

እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

"ፈሪ ነሽ" ብላ ሳቀችብኝ።

ፈርቼ አልነበረም። ልጅ ሳለሁ ለታናሽ እህቴ ለአስቴር ብቻ አዲስ ቀሚስ ተገዛላት። ቀንቼ ኮሌታው ውስጥ አባጨጓሬ ከተትኩበት። አንገቷ ሲያብጥ እናታችን ሠራተኛችንን በላይነሽን ጠርጥራ አባረረቻት። እኔ ዝም አልኩ። ባለቤቴም ይህን ሳይሰማ ሞተ።

ቤት እንደገባሁ አስቴር ከአዲስ አበባ ደወለች። የዋልኩበትን ስነግራት ሳቀች።

"ያቺ በላይነሽ የሠራችኝን አስታወስሽኝ" አለች።

እሷ አይደለችም ልላት ነበር።

"ዘንድሮ ብርዱ ቀላል ነው አሉ" አልኳት።