ያልተቆረጠ ጨርቅ

ሐሙስ፣ ጥር 16 ቀን

ውድ አባዬ፣

እንዴት ነህ? ወገብህስ? የስፌት መኪናህ ፔዳል አሁንም ሲጥ ሲጥ ይላል ወይስ በመጨረሻ ዘይት ቀመሰ? እኔ ደህና ነኝ። ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ አራተኛ ወሬን ያዝኩ፤ ዓለምን ገና አልለወጥኩም። ስትስቅብኝ ይታየኛል።

ስለ ሥራዬ በስልክ ስነግርህ በደንብ አልተግባባንም ነበር። እዚህ ሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙት መብላት የከበዳቸው፣ በገዛ ሰውነታቸው የሚያፍሩ ልጆች ናቸው። ሐኪሞቹ አካላቸውን ያያሉ፤ የእኔ ድርሻ ራሳቸውን እንዳይንቁ ማገዝ ነው። ታዲያ በመጀመሪያው ሳምንት ምን ባደርግ ጥሩ ነው? መስታወቱን ሁሉ «ቆንጆ ነሽ» የሚል ወረቀት አለበስኩት!

አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አለች፤ ሁሉን ስለምትመረምር «ዳኛዋ» እንላታለን። ወረቀቱን አንብባ ዞር አለችና፣

«ይኼም ስለ መልክ ነው እኮ። ሌላ ወሬ የለሽም?» አለችኝ።

ሲስተር፣ የክፍላችን ነርስ፣ ከኋላዬ ሆና፣ «ፍርድ ተሰጠ! በይ ማስታወቂያሽን ንቀዪ» ብላ ሳቀችብኝ። ነቀልኩ።

ዳኛዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምግቧን ስትጨርስ ቆይታ ሰኞ ወደ ትምህርት ቤቷ ልትመለስ ነበር። ባለፈው ዓርብ ግን የደንብ ልብሷን ጉርድ ብትለካው ወገቡ አልዘጋ አላት። ምሳ ቀረበ፤ አልነካችውም። እራትም እንዲሁ። ሐኪሙ፣ «እንዲህ ከቀጠለች መውጣቷ ይቀራል» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የተማርኩት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋብኝ፤ የመጣልኝ ያንተ ነገር ብቻ ነው። ጉርዱን ገለበጥኩና ስፌቱን አሳየኋት።

«ምንድነው ይኼ?»

«ትርፍ ጨርቅ። ልብስ ሰፊው እንደምታድጊ ያውቅ ነበር።»

«ሳያውቀኝ?»

«ሳያውቅሽ። ልክ ያልሆነው ልብሱ ነው፤ ልብስ ደግሞ ይተረተራል።»

ትርፉን በጣቷ ለካችው። ከዚያ፣ «ወዲህ በይው፤ አንቺ ታበላሺዋለሽ።»

ሲስተር መርፌዎቹን ቆጥራ ሰጥታን አጠገባችን ተቀመጠች። ዳኛዋ ሰፋች፣ ተጣመመባት፣ ተረተረች፣ እንደገና ሰፋች። በሦስተኛው ቀጥ አለላት። ቆንጆ ነሽ ያላት የለም። «ስፌትሽ ከእኔ ይሻላል» አልኳት፤ እውነት ስለሆነ። ምሳ ላይ እያለቀሰች ግማሹን በላች። እሁድ ከግማሽ በላይ። መውጫዋ በአንድ ሳምንት ተራዘመ እንጂ አልቀረም። አሁን ሌሎቹ የጠበባቸውን ይዘው ይመጡባታል፤ «ወረፋ ያዙ፣ ያለኝ ሁለት እጅ ነው!» ስትል ብትሰማት! አንድ ጉርድ ሰው አያድንም፣ አውቃለሁ። ረጋ በይ እንደምትለኝም አውቃለሁ።

ትናንት ታዲያ ዳኛዋ መለማመጃ ጨርቅ ስትጠይቀኝ ከሻንጣዬ ሥር የዘጠነኛ ክፍል ጉርዴን አወጣሁ። ያን ዓመት ሦስት ጊዜ አጥብብልኝ ብዬህ ነበር፤ «ጨርቁ ለቀቀብኝ፣ ሰፋኝ» እያልኩ። አንተ ልኬን ትወስዳለህ፣ ሜትሩን ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ታየዋለህ፣ «እሺ ልጄ» ትላለህ። ከዚያ ወዲህ ነው ሥራ ቀዝቅዟል እያልክ፣ በቀን ሱቅህን ዘግተህ ከእኔ ጋር ምሳ መብላት የጀመርከው።

ጉርዱን ገለበጥኩት። ሦስት መስመር ስፌት፣ ጎን ለጎን። ጨርቁ ግን ሁሉም እዚያው ነው፤ የጣት ስፋት እንኳ አልቆረጥክም።

ለዳኛዋ ሌላ ጨርቅ ፈልጌ ሰጠኋት። የእኔን ጉርድ ግን ክፍሌ ገብቼ ሦስቱንም መስመር ተረተርኩት። ዛሬ ያ ሁሉ ተተርትሮም አይበቃኝም፤ ሳቄ መጣ።

ዓይንህ የመርፌ ቀዳዳ አይሳት፣ እጅህ አይዛል። ምሳህን ደግሞ ብቻህን አትብላ፤ ለእረፍት እስክመጣ ጎረቤት ጥራ።

ያቺ ጨርቁ የለቀቀባት ልጅህ