መቀነቴን ያስፈታችኝ ነርስ

ልጄ ሰብሌ፣ ቅዱስ ላሊበላ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ጊደሯም ወልዳለች።

ስትጨነቂበት የነበረው የወገቤ ሕመም መላ ተገኘለት። ጤና ጣቢያው ሆድ የሚያይ መሣሪያ አስገባ ሲባል፣ የሰው እጅ ሳይነካኝ መቀነቴን ላላ አድርጌ ብቻ እታያለሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድሁ። መሣሪያው ምንም አላገኘም። ነርሷ ሲስተር ጀውሀራ ግን "እማማ፣ ይሄ ያያል እንጂ አይዳስስም" ብላ መቀነቴን አስፈታችኝ። አፍሬ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ። በእጇ ስትመረምረኝ ማህፀኔ ወደ ታች ወርዶ ኖሯል፤ ደግፎ የሚይዝ ቀለበት አስገባችልኝ። ለንግሡ የአሸተን ማርያምን ዳገት ሳላርፍ ወጣሁት፤ ከኋላ የቀረው አባትሽ ነው።

አንቺም በስልክ ሁልጊዜ "ደኅና ነኝ" ትይኛለሽ። ስልኩ ድምፅሽን ያሰማኛል እንጂ መክሳትሽን አይነግረኝም። እመብርሃን መንገድሽን ታቅናልሽ፤ ለፋሲካ ነይና ልዳስስሽ።

እናትሽ